ተረት ከጥቁር ሰሌዳው ፊት

በእንጦጦ ግርጌ፣ በሸጎሌ፣ አንዲት መምህርት የውሃን ዑደት በሁለት ጠብታዎች ታሪክ ያስተምራሉ። ዘዴው አዲስ ይመስላል፤ ነገር ግን የአገራችን ሊቃውንት በየጉባኤያቸው ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት የኖሩት ነው።

ከአዲስ አበባ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ የእንጦጦ ተራራ በባሕር ዛፉ ጠቁሮ ከሚታይበት ግርጌ፣ በአንድ ወገን የከተማ አውቶቡሶች የሚያድሩበት ሰፊ ግቢ፣ በሌላው ወገን በበዓል ዋዜማ በሬውና በጉ ለእግረኛ መተላለፊያ የሚያሳጡበት የከብት ገበያ በሚገኝበት በሸጎሌ፣ ከመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንደኛው የአራተኛ ክፍል ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው በየዴስኩ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ክፍለ ጊዜው የአካባቢ ሳይንስ ነው። በጥቁር ሰሌዳው ላይ «የውሃ ዑደት» የሚል ርእስ ተጽፎ ከሥሩ ተሠምሮበታል፤ ልጆቹም ደብተራቸውን ገልጠው፣ እስክሪብቷቸውን አዘጋጅተው፣ እንደ ልማዳቸው ማስታወሻው እስኪጻፍላቸው ይጠባበቃሉ። መምህርቲቱ ግን ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉና «ተረት ተረት» አሉ። «የላም በረት!» የሚለው መልስ የቆርቆሮውን ጣራ አናወጠው፤ በጎን ባለው ክፍል የሚያስተምሩት ባልደረባቸውም በመስኮት ብቅ ብለው ተመለከቱና ተመለሱ።

«በአንድ የሐምሌ ቀን» ብለው ጀመሩ መምህርቲቱ፤ «ሁለት መንታ ጠብታዎች ከአንድ ደመና ተወልደው፣ እዚሁ ከበላያችን ካለው ከእንጦጦ አናት፣ በአንዲት የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ አረፉ። ተቃቅፈው ሊያድሩ ሲሉ ነፋስ መጣና ቅጠሊቱን ነቀነቃት። አንደኛው በሱሉልታ በኩል፣ ሁለተኛው በእኛ በሸጎሌ በኩል ወደቀ። ከዚያች ቀን ወዲህ አልተገናኙም ይባላል። እንግዲህ የቱ የት ደረሰ?»

ይህን ብለው ዝም አሉ። መጀመሪያ ማንም አልተናገረም፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ከኋላ ወንበር አንዱ «የእኛው ወንዝ ገባ» አለ፤ ሌላው «ወንዙ ቆሻሻ ነው፣ ሞተ» ብሎ መለሰለት፤ ሣቅ ሆነ፤ ከሣቁም በኋላ ክርክር ተነሣ። መምህርቲቱ በዚህ ጊዜ ጠመኔውን አንሥተው ልጆቹ እንደ ነገሯቸው ይሥሉ ጀመር። በሰሜን የወደቀው ጠብታ በሱሉልታ ሜዳ ተንሸራትቶ ሙገርን ተቀላቀለ፣ ሙገርም ወደ ዐባይ አስገባው፣ ዐባይም ሱዳንንና ግብፅን አሻግሮ ከሜድትራኒያን ባሕር አደረሰው። በደቡብ የወደቀው ግን በከተማው መካከል ከጎማና ከፕላስቲክ ጋር እየተጋፋ አቃቂ ደረሰ፣ ከአባ ሳሙኤል ግድብ ዐርፎ አዋሽን ተቀላቀለ፣ በቆቃ ተገደበ፣ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ አጠጣ፣ የአፋርን በረሃ አቋረጠ፣ በመጨረሻም ባሕር ሳያይ ከጅቡቲ ወሰን ላይ ካለው ከጨዋማው ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ቀረ።

«ምስኪን!» አለ አንዱ ልጅ። «ለምን ምስኪን ይሆናል?» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ፤ «በሻያችን ውስጥ ያለው ስኳር የወንጂ ከሆነ ተመልሶ ቤታችን መጥቷል ማለት ነው» ስትል፣ ልጆቹ የወንዝን ጥቅም በባሕር መድረሱ ወይስ በመንገዱ ባጠጣው ምድር እንለካው በሚለው ነገር፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በሁለት ወገን ተከፈሉ። ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ግን እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተናገረ ልጅ እጁን አነሣና «ቲቸር፣ ፀሐይ ውሃውን እንፋሎት ካደረገችው፣ ደመናው ውስጥ ይገናኙ የለ?» ብሎ ጠየቀ። መምህርቲቱ ወደ ሰሌዳው ዞረው፣ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር የጻፉትን ርእስ በጣታቸው አመለከቱና «ይኸው የዛሬው ትምህርታችን» አሉ።

> የመማሪያ መጽሐፉ በአንድ አንቀጽ የሚጨርሰውን ነገር አንድ ሕፃን በራሱ ጥያቄ ደረሰበት።

የእንጦጦ ተረተር በዐባይና በአዋሽ ተፋሰሶች መካከል ያለ የውሃ ማካፈያ መሆኑን በካርታ የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በዚሁ ተራራ ሥር ተወልደው ያደጉ፣ ከመካከላቸውም እናቶቻቸው ከዚያው ተራራ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ልጆች፣ ከቤታቸው በላይ ያለው ጫካ የሁለት ወንዞች ደጃፍ መሆኑን ከዚያ ዕለት በፊት የነገራቸው አልነበረም።

## የአበው ወንበር

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በተነሣ ቁጥር አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው በቃል መያዝን ነው። እውነትም ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ከሀ እስከ ፐ ወጥቶ፣ አቡጊዳውን አልፎ፣ መልእክተ ዮሐንስን እየተወዛወዘ አንብቦ፣ ዳዊት እስኪደግም ድረስ የሚጠየቀው በንባቡ ቅንነት እንጂ በትርጓሜው አይደለም። ይህ ግን የደጃፉ ሥርዓት ነው። ከንባብ ቤት አልፎ ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ የገባ ደቀ መዝሙር የሚያገኘው ሌላ ዓለም ነው፤ በዚያ ዓለም ታሪክ መንገር የዕረፍት ሰዓት ማሳለፊያ ሳይሆን ራሱን የቻለ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው።

በትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል አንብበው፣ ነጠላ ትርጉሙን ሰጥተው፣ «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን ካሰፉ በኋላ፣ ነገሩ ሲጠልቅ ወይም የተማሪው ዐይን ሲፈዝ ባዩ ጊዜ «ታሪክ» ብለው ይጀምራሉ። ታሪኩ ከመጽሐፈ ነገሥት ወይም ከስንክሳር፣ አንዳንድ ጊዜም ከገዳማውያን አባቶች ሕይወት ሊሆን ይችላል፤ ግዳጁ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ረቂቁን ነገር ግዙፍ አድርጎ በልቡና ማስቀመጥ። ቅኔ የሚቆጥረውም ተማሪ በበኩሉ ሰሙን የሚቀርጽበት ታሪክ ካልያዘ ወርቁን የሚያፈስበት ስለሌለው፣ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በጎጆው ተሰብስቦ የሚጨዋወተው ጨዋታ ራሱ ለማግሥቱ ጉባኤ ስንቅ ይሆነዋል። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች ከቅኔ ተማሪ ቤት ወደ ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤትም ወደ መላው አገር የተሠራጩት በዚሁ መንገድ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የግእዝ መጻሕፍትም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ፊሳልጎስ የተባለው፣ የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እየተረከ ምሥጢረ ሃይማኖትን የሚያስተምረው መጽሐፍ፣ በአክሱም ዘመን ከጽርእ የተመለሰ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ፣ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሱት አባ እንባቆም፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በርለዓም ወይዋስፍን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ይህ መጽሐፍ መነኩሴው በርለዓም የንጉሡን ልጅ ይዋስፍን በምሳሌ ከምሳሌ እያሸጋገረ የሚያስተምርበት ሲሆን፣ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት የታሪኩ ግንድ ከህንድ ከቡድሃ ሕይወት የተነሣ ነው። አንድ ታሪክ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ፣ በየደረሰበት ሃይማኖቱንና ልብሱን ለውጦ፣ በመጨረሻ በደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ብርዕ መጻፉ፣ ጥሩ ተረት ፓስፖርት የማይጠየቅ መንገደኛ መሆኑን ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚደንቀው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። በተአምረ ማርያም የሚነገረው ይህ ሰው 78 ነፍስ የበላ ሲሆን፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለተጠማ ሕመምተኛ የሰጠው ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ ያን ሁሉ በደል መዝኖ አዳነው። ይህን ታሪክ የሰማ ሕፃን ሁሉ «ይህ ፍትሕ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሰማ ሊቅም ይጠይቃል፤ በየዘመኑ ያከራከረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ታሪኩ ይህን ያህል ዘመን የኖረው መልሱ ቀላል ስለሆነ አይመስለኝም። ሸጎሌ ባለበት በጉለሌ ከሚገኙት አድባራት በአንደኛው ቅጥር ግቢ ልጆችን የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ይህንኑ ሲያስረዱኝ፣ «ምሥጢሩን ብትነግረው ይረሳዋል፤ ታሪኩን ብትነግረው ግን ምሥጢሩን ፍለጋ ራሱ ይመጣል» አሉ።

## በምድጃ ዙሪያ

ይህ ሀብት የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ የጥንት የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ በኦሮሞ ቤቶች ምሽት ላይ ልጆች በ«ሂቦ» እንቆቅልሽ እየተጠያየቁ አእምሮአቸውን ይስላሉ፤ የዱሮ ዘመን ተረቱም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። በቁርአን ቤት የሚማር ልጅ ደግሞ በስሙ ምዕራፍ የተሰየመለትን ጠቢቡን ሉቅማንን፣ ለልጁ የሰጠውንም ምክር ያውቃል፤ ከሙስሊም ሊቃውንትም ብዙዎቹ ሉቅማን ሐበሻ ነበር ብለው ጽፈዋል። ከጋሞ ደጋ መጥተው በሽሮ ሜዳ የሸማ ሥራ ያቋቋሙ ቤተሰቦችም በመወርወሪያው ድምፅ መካከል የሚነግሩት የራሳቸው ተረት አላቸው።

በአማርኛ እንቆቅልሽም ውስጥ አንድ የተሰወረ የትምህርት ዘዴ አለ። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎጃምን ሰጥቶ፣ ጎጃም ካልተወደደለት ጎንደርን፣ ጎንደርም ካልበቃ ሐረርን እየሰጠ በሽንፈቱ የአገሩን ካርታ ይማራል። ጂኦግራፊን በዚህ መልክ ያስተማረ ሚኒስቴር እስከ ዛሬ አላየሁም። ነብሩን፣ ፍየሉንና ቅጠሉን በአንዲት ታንኳ ወንዝ የሚያሻግረው የገበሬ ጥያቄም እንዲሁ የሎጂክ ትምህርት ነው፤ አውሮፓውያን በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በላቲን በተጻፈ የሒሳብ ጥያቄዎች ስብስብ ውስጥ ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን አድርገው መዝግበውታል።

## ተረት ከተማሪ ቤት ሲወጣ፣ ሲመለስ

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ ቋንቋና ሒሳብ ገቡ፤ ተረት ግን ከነባሮቹ ዕውቀቶች ጋር በአጥር ውጭ ቀረ። የተማረ ሰው ማለት ከምድጃ ዳር የተላቀቀ ሰው ማለት የሆነበት ዘመን ነበር። ሆኖም ነገሩን በጊዜ ያስተዋሉ አልጠፉም። ከጣልያን ወረራ በኋላ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባሉት መጻሕፍታቸው ምሳሌያዊ ታሪኮችን በግጥም አዘጋጅተው ለትምህርት ቤት አበረከቱ፤ በዚያን ጊዜ የተማሩ አዛውንት ዛሬም ከመካከሉ ብዙውን በቃላቸው ይወጡታል። በደብረ ኤልያስና በዲማ ቅኔ ተምረው በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት የቀሰሙት ሀዲስ ዓለማየሁም በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ፤ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አስቀድሞ የተጻፈ በመሆኑ ልብ ወለዱን ያነበበ ሁሉ ይህን ትንሽ መጽሐፍ ባያልፈው ደግ ነው።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተረቱ በሌላ በር ተመለሰ። ከቴአትር መድረክ የመጡት፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋር እስከ ኮሪያ ዘልቀው ወታደሩን ያዝናኑት ተስፋዬ ሣህሉ፣ «አባባ ተስፋዬ» ተብለው፣ በ2009 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት ለአርባ ዓመታት ያህል የመላው አገር አያት ሆነው ኖሩ። ልጆች ለሰላምታቸው ከየቤታቸው ለቴሌቪዥኑ መስታወት መልስ ይሰጡ ነበር፤ መስታወቱ እንደማይሰማቸው እያወቁ። ከሚሌኒየሙ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ቀድሞ የአዲስ አበባ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ከካልሲ በተሠራች ቀጭኔ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን ፕሮግራም ጀመሩ፤ በዓለም አቀፍ ውድድርም ተሸለሙበት። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለ ቀለም ሥዕል አሳትመው፣ በሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ በሐዋሳም መጽሐፍን በአህያ ጋሪ ወደ ሕፃናት ወስደዋል። ብሪታንያዊቱ ደራሲ ኤሊዛቤት ሌርድ ደግሞ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ ከየክልሉ ተረት አሰባስበው፣ ለእንግሊዝኛ ትምህርት የሚያገለግሉ ቀላል የንባብ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ አድርገዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን፣ በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የሕፃናት የንባብ ችሎታ በተመዘነ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታየ። ጉዳዩ የፊደልና የመጻሕፍት እጥረት ብቻ አይመስለኝም። ማንበብ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ልጅ፣ ማለትም በዚያ ወረቀት ላይ መጨረሻውን የሚናፍቀው ታሪክ መኖሩን ያመነ ልጅ፣ ፊደሉን ለመለየት የሚተጋው ትጋት ሌላ ነው።

## «ከተረቱ ምን ተማራችሁ?»

እዚህ ላይ ግን ተረትን ከሚያመሰግኑት ጋር የምለያይበት ነገር አለ። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ተረት ሲነገር ፍጻሜው የታወቀ ነው፤ መምህሩ ጨርሰው «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ልጆቹም ጅቡ ይሁን ጦጣዪቱ፣ አንበሳው ይሁን ጥንቸሉ ሳይለዩ፣ «መጥፎ ሥራ እንደማይጠቅም» ብለው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የግብረ ገብ ትምህርት ወደ ክፍል ከተመለሰ ወዲህ ይህ ልማድ ይበልጥ በርትቷል። እኔ እንደማየው ያች ጥያቄ የተረቱ መቃብር ናት። ልጁ መልሱን ከተረቱ አላገኘውም፤ መምህሩ ምን እንደሚፈልጉ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ያንኑ ይመልስላቸዋል።

> ሥነ ምግባር የሚለጠፍበት ተረት ልጁን መልስ ያስይዘዋል እንጂ ጥያቄ አያስነሣበትም።

የሸጎሌዋ መምህርት የሚለዩበት ከዚህ ላይ ነው። ተረታቸውን የሚያቆሙት ከፍጻሜው ሳይሆን ከመንታ መንገዱ ላይ ነው፤ መዝጊያ የሚሆነውንም ዓረፍተ ነገር፣ «ከዚያች ቀን ወዲህ አልተገናኙም ይባላል» የሚለውን፣ ሐሰት መሆኑን እያወቁ እንደ ወጥመድ አስቀምጠውታል። ወጥመዱ ውስጥ የገባው ልጅ የውሃን ዑደት አገኘ። የበላዔ ሰብእ ታሪክ በሚዛኑ ላይ እንደሚያቆመን ሁሉ እርሳቸውም ልጆቹን በቅጠሊቱ ላይ አቆሟቸው። የነገሩ ሥር ይህ ይመስለኛል፤ ተረት በክፍል ውስጥ የሚያስተምረው በሚናገረው ብቻ ሳይሆን መምህሩ ዝም በሚሉበት ቦታ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርትም ካልተሳካባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። በመስታወቱ ያሉት መምህር ንግግራቸው የጠራ፣ ሥዕላቸው ያማረ ቢሆንም ልጁ እጁን ሲያነሣ ማየት አይችሉም ነበር፤ ቆም ማለትም አይችሉም ነበር።

## የሥነ ልቡና ሊቃውንት የደረሱበት

የባሕር ማዶ ሊቃውንት ታሪክ ለማስታወስና ለማሰብ ያለውን ኃይል በሙከራ ለማረጋገጥ ደክመዋል። በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጎርደን ባወርና ማይክል ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የማይገናኙ ቃላትን ሰጥተው፣ ግማሾቹ ቃላቱን በታሪክ እንዲያያይዟቸው፣ ግማሾቹ ዝም ብለው እንዲያጠኗቸው አደረጉ። በኋላ ሲጠየቁ ታሪክ የሠሩት ያስታወሱት የሌሎቹን ብዙ እጥፍ ሆነ። ጀሮም ብሩነር ደግሞ ሰው የሚያስብባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው ብለው ጻፉ፤ አንደኛው በማስረጃና በሕግ የሚሄድ፣ ሁለተኛው በታሪክ የሚሄድ፤ አንዱም የሌላውን ቦታ ሊሞላ አይችልም።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የእንግሊዛዊው የፍሬደሪክ ባርትሌት ሥራ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጡት፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብበው እንደገና እንዲተርኩት ሲያደርጉ፣ አንባቢዎቹ እንግዳ የሆነባቸውን ሁሉ እየጣሉ፣ የቀረውን ወደ ራሳቸው አገር ልማድ እየለወጡ ተረኩት። ሰው የሚያስታውሰው አስቀድሞ በልቡናው ባለው ቅርጽ ላይ ነው ማለት ነው። ቀድሞ በእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ በረዶና ስለ ባቡር ጣቢያ ያነበቡ ሰዎች ከዚያ ሁሉ የቀረላቸው ጥቂት መሆኑ እንግዲህ አያስገርምም። እንጦጦን የሚያውቅ ልጅ ግን ጠብታውን ከዚያው ያነሣዋል።

## «ልጄን ለተረት አልላክሁም»

የሚቃወሙም ምክንያት አላቸው። አንድ ብዙ ዘመን ያስተማሩ የሒሳብ መምህር፣ ተረቱ ያምራል፤ ግን ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ፣ ልጆቹ ስድሳ፣ ምዕራፉም ፈተና ከመድረሱ በፊት መጨረስ ያለበት ነው ብለው ተናገሩ። አንዲት ሻይ የሚሸጡ እናት ደግሞ፣ «ልጄን ለተረት አልላክሁም፤ ተረቱን እኔም እነግረው ነበር፣ ጊዜ ባገኝ» አሉኝ። የዚህች እናት ቃል ከመምህሩ ይልቅ ከበደኝ፤ ጊዜ ያጣ ወላጅ የሚነግረውን ተረት የሚተካው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ሳያስቡት አንሥተዋልና።

ሌላው ስጋት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተረቶቻችን መካከል ባለ እጅን፣ ሴትን፣ ባዕድን የሚያዋርዱ አሉ፤ ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን በቡዳ ስም የሚያስፈሩ ተረቶች ልጆቻቸው በዚያው ክፍል በተቀመጡበት መነገራቸው በደል ነው። ተረትና ታሪክ ሲምታቱም ሌላ ጉዳት ይመጣል። ፍየሎቹ ሲፈነጩ ያየው የካልዲ ታሪክ በብዙ ክፍሎች እንደ ተረጋገጠ የቡና ታሪክ ይነገራል፤ ቡና ከኢትዮጵያ ደኖች መነሣቱ እውነት ቢሆንም፣ የእረኛው ትረካ በጽሑፍ የታወቀው በ1671 እ.ኤ.አ. ፋውስቶስ ናይሮን የተባሉ ማሮናዊ ሊቅ በሮማ ባሳተሙት መጽሐፍ ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ካልዲ የሚል ስም የለበትም። ይህን መናገር ተረቱን መግደል አይደለም። እንዲያውም ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች «ይህን ማን ነገረን? መቼ? እንዴት ዐወቀ?» ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ በር አይገኝም፤ የታሪክ ትምህርት የሚጀመረውም ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው።

ስለ ጊዜውም ቢሆን የሸጎሌው ክፍል መልስ አለው። መምህርቲቱ የተረኩት ደቂቃዎች ጥቂት ናቸው፤ የቀረውን የወሰደው የልጆቹ ክርክር ነው፤ በዚያም ክርክር ውስጥ የወንዝ ተፋሰስ፣ ግድብ፣ መስኖ፣ ብክለትና ትነት፣ ማለትም የአንድ ምዕራፍ ይዘት፣ በልጆቹ አንደበት ወጥቷል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የዕለቱ የትምህርት ዕቅድ ሲመረመር፣ ሱፐርቫይዘሩ የሚመለከተው ዓላማው፣ ይዘቱና ግምገማው በሠንጠረዡ መሞላቱን ነው፤ «በዚህ ቦታ ዝም እላለሁ» የሚል ዕቅድ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። እንዲህ ያለ ትምህርት ብዙ ልምምድ ይጠይቃል፤ የት መቆም እንዳለበት ያላወቀ መምህር ተረቱን ራሱ ጨርሶ ልጆቹን ተመልካች ያደርጋቸዋልና። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ድምፅን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ጥያቄን ማሳደር፣ የልጅን የተሳሳተ መልስ ሳያሳፍሩት ማስኬድ እንደ ሙያ ሲሰጥ አልሰማሁም፤ ቅኔ ቤት ግን ይህን ሁሉ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ እግር ሥር ሆኖ እያየ ይማረዋል።

የጉለሌ ክፍለ ከተማ የትምህርት ኃላፊዎችና ርእሳነ መምህራን፣ በሚመጣው መስከረም መርሐ ግብር ስታወጡ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለተረት ለዩ። ለዚያም ክፍለ ጊዜ ከሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ፣ ከሸጎሌ ገበያ አንድ የከብት ነጋዴ፣ ከሰፈሩ አንዲት አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ አያት፣ ከደብሩም አንድ የኔታ ጋብዙ፤ በየቋንቋቸው ይናገሩ፤ የሚናገሩትንም ትልልቆቹ ተማሪዎች በስልካቸው ቀድተው በደብተር ይጻፉት። በዓመቱ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ሰፈር የተረት መጽሐፍ ይኖረዋል፤ ወጪውም ወረቀትና ትዕግሥት ነው።